ስንዴው ሰቆጣ እንዴት ደረሰ?

(በመስጊዳችን የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ስለ አሜሪካ ኃይል በዓለምና በአገራችን የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ኮሚቴው በዚህ ዝግጅት ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ ርእሱን ለእኔው ተወልኝ። ስለ መስጊዱ ታሪክ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ አባቶች ስላሉ ያንን ለእነርሱ ትቼ፣ ከሶላት በኋላ ደጋግሞ ሲነሣ የሰማሁትን ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ጥያቄው «አሜሪካ ስንዴውን ለምን አቆመች?» የሚል ነው። አንዱ «ከመንግሥት ጋር ስለ ተጣላች ነው» ይላል። ሌላው «ድሮም ሊሰልሉን ነው የሚሰጡን» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምን አድርገናቸው ነው?» ብሎ እንደ ተቀየመ ዘመድ ያዝናል። ሦስቱም መልስ የሚፈልጉ ናቸውና ስንዴው እዚህ እንዴት እንደ ደረሰ ከሥሩ እንመልከት። ዓመቶቹን በአገራችን አቆጣጠር እናገራለሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ስናገር እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ዋግ የውጭ ኃይል መጥቶ ሲሄድ ምን እንደሚከተል ከአሜሪካ በፊትም አይቷል። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝን ጦር ይዞ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ እንዲያልፍ አልከለከሉትም። ጦሩ ሲመለስ ግን መድፍና ጠመንጃ ትቶ የሄደው ለትግራዩ ለደጃዝማች ካሣ ነበር። ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ቢነግሡም በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በዚያው መሣሪያ በታጠቀው ጦር ተሸነፉ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። እንግሊዝ ዋግን ለመጉዳት አስባ ያደረገችው አይመስለኝም። ለራሷ መንገድ የሚመቻትን አደረገች፤ ዘውዱ ግን ከዋግ ሰው ራስ ላይ ወረደ። ስለ አሜሪካ ስናወራም ይህን ታሪክ ከአጠገባችን ብናኖረው አይከፋም።

አሜሪካ ስትወለድ የዛሬዋ አልነበረችም። ከእንግሊዝ ተገንጥላ ነፃነቷን ስታውጅ የንግድ መርከቦቿን የሚጠብቅላት በቂ የባሕር ኃይል አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1777 ወደቡን ለመርከቦቿ ከከፈቱላት የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ የሞሮኮው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ዐብደላህ ነበር፤ የወዳጅነቱም ውል እ.ኤ.አ. በ1786 ተፈረመ። ይህን የምነግራችሁ ትናንት የሙስሊም ንጉሥ ደጃፍ ላይ ቆማ «አሳልፉኝ» ትል የነበረች አገር እንደ ነበረች እንድታውቁት ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ጆርጅ ዋሽንግተን ሥልጣን ሲለቅ ሕዝቡን ከውጭ መንግሥታት ጋር በዘላቂ የጦር ቃል ኪዳን እንዳይተሳሰር መክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1823 ፕሬዚዳንት ሞንሮ አውሮፓውያን በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ጣልቃ እንዳይገቡ አስጠነቀቀ። ሰፈሬን አትንኩ፣ እኔም ሰፈራችሁን አልነካም እንደማለት ነው።

ይህ ቃል የቆየው ፋብሪካው እስኪበዛና ዕቃው ገበያ እስኪፈልግ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካ እስፓኝን ወግታ ፖርቶ ሪኮንና ፊሊፒንስን ወሰደች፤ ኩባንም በእጇ አደረገች። በፊሊፒንስ ደቡብ የሱሉ ሙስሊሞች ስለነበሩ የአሜሪካ አምባሳደር ኢስታንቡል ላይ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድን «ለሱሉ ሰዎች ምከሩልን» ብሎ ለመነ፤ ሱልጣኑም መልእክት ላኩ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን ቡድ ዳጆ በሚባል ተራራ ላይ ሴቶችና ሕፃናት የነበሩባቸው ብዙ መቶ የዚያ አገር ሙስሊሞች በአሜሪካ ወታደር እጅ አለቁ። ያንኑ ዘመን የተቃወሙ አሜሪካውያን ደራስያንና የምክር ቤት ሰዎችም እንደ ነበሩ ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

ወደ እኛ አገር የመጡት በጨርቅ ነው። አቡጀዲ የማያውቅ የለም፤ ነፍሰ ኄር አባቶቻችን ብዙዎቹ የተከፈኑት በእርሱ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ይገባ የነበረው አቡጀዲ አብዛኛው የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነበር፤ የሚያመጡት ግን የሌላ አገር ነጋዴዎች ነበሩ። ሰቆጣ ታላቅ የአሞሌ ገበያ የነበረች ናትና፣ ጨውና ጨርቅ የሚያገበያዩ ሙስሊም ነጋዴዎቻችን አሜሪካን ከካርታ በፊት በክንዳቸው ለክተው ያውቋት ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ገበያ በመካከል ካሉት ነጋዴዎች ለመውሰድ ሮበርት ስኪነር የሚባል ቆንስል ተልኮ አዲስ አበባ ገባና በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ከዚያ ይጀምራል።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ያ ውል አላዳነንም። የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ጣልያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ እኛ የለንም። ስለዚህ «ለሁለቱም» የተባለው ሕግ የጎዳው አንዱን ብቻ ነበር። የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲወድቁ በእጃቸው የነበረው ያረጀ መሣሪያና ወኔያቸው ነው። አሜሪካ ወረራውን በሕግ አለመቀበሏ ግን እውነት ነው፤ በኋላም ለንጉሠ ነገሥቱ ጠቀማቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁሉን ለወጠው። አውሮፓ ፈርሳ አሜሪካ ያልተነካ ፋብሪካ፣ ሞልቶ የተረፈ እህልና ዓለም ሁሉ የሚፈልገው ዶላር ይዛ ወጣች። በየካቲት 1937 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በስዊዝ ቦይ መራራው ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በምትባል የጦር መርከብ ተቀምጦ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ተቀበለ። በማግሥቱ በዚያችው መርከብ ላይ የሳዑዲውን ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝን ተቀበለ። አንዱ የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ፣ ሌላው የፍልስጥኤምን ጉዳይ አንሥተው ተነጋገሩ። ነገሥታት ወደ ለንደን ይሄዱ የነበረው ቀርቶ የአሜሪካን መርከብ ደረጃ መውጣት የጀመሩት በዚያ ሳምንት ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአገራችን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በቲ.ደብልዩ.ኤ. ረዳትነት ተቋቋመ። የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካኖች ጋር ተሰልፎ ኮሪያ ላይ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወደቁ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ሁለት ውሎች በአንድነት ተፈረሙ። በአንዱ አሜሪካ ለጦራችን መሣሪያና ሥልጠና ትሰጣለች፤ በሌላው አሥመራ ላይ ቃኘው የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያ ትይዛለች። አሥመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያ ሆኖ የሩቁን የሬዲዮ ሞገድ መጥለፍ ይመች ነበር። አስተውሉ፤ ውሉ በተፈረመበት በፈረንጆቹ 1953 ዓመት ነሐሴ ላይ የኢራኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ በአሜሪካና በእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች ረዳትነት ከሥልጣን ወረደ። የዘይት አገር የነበረው እንዲያ ሆነ፤ ተራራና ሞገድ የነበረው ደግሞ ወዳጅ ተባለ።

ከዚያ ወዳጅነት ጥሩ ነገር አልተገኘም ማለት ግፍ ነው። የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ተመሠረተ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የአሜሪካ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ረድቷል፤ ከዚያ የወጡ የጤና መኮንኖች መኪና በማይደርስበት ጣቢያ ሁሉ ሰው አድነዋል። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲቋቋምም መሐንዲሶቻቸው ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየከተማው እንግሊዝኛና ሳይንስ አስተማሩ። በበኩሌ ከአሜሪካ ሥራ ሁሉ ለእኛ በረከት የነበረው ይህ የመምህራኑ ነገር ነው እላለሁ። ጠመንጃው ዛጎ ቀርቷል፤ የተማረው ልጅ ግን ሌላ ልጅ አስተምሯል።

ዳሩ ግን ወዳጅነቱ ከቤተ መንግሥቱ ጋር እንጂ ከገበሬው ጋር አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥቱ ደበቀው፤ የውጭ መንግሥታትና ድርጅቶችም እያወቁ ዝም ማለታቸውን በዚያው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የካርኔጊ ተቋም ያወጣው ጥናት ገልጿል። ንጉሠ ነገሥቱን ላለማስቀየም ሲባል የገበሬው ሞት በሹክሹክታ ታለፈ። ደርግ ከመጣ በኋላ የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት የጦር እርዳታውን ቀነሰ፤ ደርግም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ። ነገሩ ትልቅ ፀብ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሳተላይት በመምጣቱና በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሲያ ላይ ሌላ ጣቢያ በመሠራቱ ቃኘው ቀድሞውኑ ጥቅሙ ቀንሶ ነበር። ሃያ አራት ዓመት የቆየ ወዳጅነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕቃውን ጠቅልሎ የሄደው ለዚህ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ስንዴው እንምጣ፤ የእኛ ነገር እርሱ ነውና።

የአሜሪካ ገበሬ መሬቱ ሰፊ፣ ማሽኑ ብዙ ነው። ብዙ ካመረተ ዋጋ ይወድቅበታል። ስለዚህ መንግሥቱ ትርፉን እየገዛ ያከማች ነበር፤ ማከማቻውም ገንዘብ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1954 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን «ሕግ ቁጥር 480» የተባለው ወጣ። በዚህ ሕግ ትርፉ እህል ለወዳጅ አገሮች በቀላል ዋጋ ይሸጣል፤ ለተራበም በነፃ ይሰጣል። ኬኔዲ ሲመጣ «ምግብ ለሰላም» የሚል ስም አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ዩኤስኤይድ የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ ሁሉ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የድሀ አገሮችን ልብ ለመሳብ በተደረገው ፉክክር ውስጥ ነው። እህሉ ከአሜሪካ ገበሬ እንዲገዛ ተደረገ፤ ቢያንስ ግማሹም የአሜሪካ ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ እንዲጓዝ ሕግ አስገደደ። ይህ መርከብ ከሌላው ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ ለተራበው ከተመደበው ዶላር ብዙው ለመርከበኛ፣ ለወደብና ለጫኝ ይከፈላል። አንድ ጆንያ ሰቆጣ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበታል። ድሮ በአሰብና በምፅዋ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ በጅቡቲ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በወልድያ አድርጎ ዳገቱን ይወጣል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ ገበሬው ገበያ አገኘ፤ መርከበኛው ኪራይ አገኘ፤ መንግሥቱ ስም አገኘ፤ የተራበውም እህል አገኘ። አራቱም እውነት ናቸው። አንዱን ብቻ ይዞ «ምፅዋት ነው» ወይም «ተንኮል ነው» የሚል ሰው ከሩብ በላይ አላየም።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን በዕድሜ የገፋችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከዋግ ተራሮች እየወረደ ኮረም የደረሰውና ሳይደርስ መንገድ የቀረው ስንት እንደ ሆነ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ያንን ሜዳ በፎቶግራፍ መሣሪያ አንሥቶ ለዓለም ያሳየው ሙሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ወንድማችን ነበር። ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር ያዘጋጁት ፊልም በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ታየ። (ሙሐመድ አሚን በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።) ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ዓመታት ደርግ የሶቪየት ወዳጅ ስለነበረ የአሜሪካ እርዳታ በጣም ትንሽ ነበር። ሥዕሉ በአሜሪካ ቤቶች በየሳሎኑ ከገባ በኋላ ግን የሬገን መንግሥት የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም በሚል መንፈስ በሩን ከፈተና አሜሪካ ከለጋሾች ሁሉ ትልቋ ሆነች። በሩን ያስከፈተው የሕዝቡ ድንጋጤ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲም እንዳዋጡ፣ ቤተ ክርስቲያኖችም መስጊዶችም እንደ ሰበሰቡ መርሳት ተገቢ አይደለም።

ዋግ በዚያን ጊዜ ሁለት ጌታ ነበረባት። ከተማው በመንግሥት እጅ ነው፤ ገጠሩ ብዙው ኢሕዴንና ሕወሓት በሚንቀሳቀሱበት ነው። እህሉም በሁለት በር ገባ። አንዱ በወደብ በመንግሥት በኩል፣ ሌላው ከሱዳን በሌሊት በመኪና ተጭኖ አውሮፕላን እንዳያየው ቀን ቀን ከዛፍ ሥር እየተደበቀ። በሁለቱም በር የአሜሪካ ስንዴ ነበረበት። አንድ እናት ከተማ የሄደ ልጇ ከወዲህ፣ ጫካ ያለው ልጇ ከወዲያ አንድ ዓይነት ጆንያ ተካፍለው ሊሆን ይችላል።

በጆንያውና በዘይቱ ጣሳ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ያሉበት ዓርማ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችንም ዩኤስኤይድን በእርሱ ያውቁታል። ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ መሆኑና እንደማይሸጥም ተጽፎበታል። ግን ይሸጥ ነበር፤ ለወፍጮ፣ ለጨው፣ ለበርበሬ፣ ለልጅ ደብተር። ይህን አንዳንድ ሰዎች እንደ ስርቆት ያወራሉ። ሰው ስንዴ ብቻ ቆርጥሞ እንደማይኖር የሚያውቅ እንዲህ አይልም። ጣሳውም የውሃ መቅጃ፣ የእህል መለኪያ፣ ተዘርግቶም የጎተራ ክዳን ሆኗል።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ስንዴው ከድንገተኛ እርዳታ ወደ ሥራ ደመወዝ ተለወጠ። ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን፣ በቀን 3 ኪሎ፣ በድምሩ 15 ኪሎ፤ ይህም በዓመት ስድስት ወር። ለሴፍቲኔት የከፈሉት የዓለም ባንክን ጨምሮ ብዙ ነበሩ፤ እህሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ነበር። እርዳታ ሰነፍ አደረገን የሚለውን ንግግር በከተማ ስብሰባ ላይ እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። በጻግብጂና በዳህና ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የሠራ፣ ምንጭ ያጎለበተ ሰው ሰነፍ አይባልም። የጎዳን ሌላ ነው። የዓመቱን ኑሮ ስናሰላ «በሐምሌ ስንዴ ይመጣል» የሚለውን ከዝናብ እኩል እርግጠኛ አድርገን መቁጠራችን ነው። ዝናብ ከአላህ ነው። ስንዴው ግን ዋሽንግተን ላይ በየዓመቱ ድምፅ የሚሰጥበት የበጀት መስመር ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ለንደን ላይ የአሜሪካው ባለሥልጣን ኸርማን ኮኸን መካከለኛ ሆኖ በተቀመጠበት ስብሰባ መንግሥት እንደ ተለወጠ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ወዳጅነት መጣ፤ ከመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በኋላም ስሙ «ፀረ ሽብር» ሆነ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ ሲገባ አሜሪካ በመረጃና በአየር ደግፋለች። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም ለጥቂት ዓመታት ሰው አልባ አውሮፕላኖቿን ከአርባ ምንጭ ታስነሣ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ሙስሊሙ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ ሲወጣና ሲታሰር፣ የአሜሪካ የሃይማኖት ነፃነት ኮሚሽን ስጋቱን በጽሑፍ ገለጠ፤ የጦር ትብብሩ ግን አልተቋረጠም። አሜሪካ አንድ ሰው አይደለችም የምለው ለዚህ ነው። አንዱ ቢሮ የሚጽፈውን ሌላው ቢሮ አያነበውም፤ ቢያነበውም ጉዳዬ አይደለም ይላል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ መጣ፤ በሥልጣን ላይ ሳለ ኢትዮጵያን የጎበኘ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ወር መንግሥታችን ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማድረስ የገባው ቃል የከተማችንን ስም ይዞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ስማችን በዓለም ስብሰባ ላይ መጠራቱ ደስ አሰኝቶን ነበር፤ የተጠራው በምን እንደ ሆነ ሲታሰብ ግን ደስታው ይቀንሳል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ ራሷ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ወገናችን ብዙ ጊዜ ቤቱ አልተመለሰም። አሜሪካ በመስከረም 2014 ዓ.ም. የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣች፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም አገራችንን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣች። ውሳኔው ወገኖቹን ወደ ድርድር ለመግፋት ነው ተባለ። ሥራ ያጡት ግን በሐዋሳና በሌሎች ፓርኮች ልብስ የሚሰፉ ልጃገረዶች ናቸው፤ ማናቸውም ጦርነት አላወጁም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላሙ ስምምነት ሲፈረም አሜሪካ በታዛቢነት ተቀምጣ ረድታለች፤ ይህም ይነገርላት።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የእርዳታው እህል ከተራበው አፍ እየተነጠቀ ወደ ዱቄት ፋብሪካና ወደ ገበያ ሲሄድ ስለ ተገኘ ዩኤስኤይድ በመላው አገር እህል ማደሉን አቆመ። ስርጭቱ ዳግም እስኪጀመር ስድስት ወር ያህል አለፈ። እነዚያ ወራት ለሳህላ፣ ለዝቋላና ለአበርገሌ የድርቅ ወራት ነበሩ። የሰረቀው ሌላ፤ የተቀጣው ሌላ። ስለ አሜሪካ ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ እህሉን ስለ ሸጡት የራሳችን ሰዎች ስንናገር ግን ዝቅ ይላል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

መጨረሻውን ታውቃላችሁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘበት ዕለት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አገደ። አገራችን ቀደም ባሉት ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ታገኝ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩኤስኤይድ ሥራውን አበቃ፤ የቀረው ጥቂት ነገር ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ተዛወረ።

እንግዲህ «ምን አድርገናቸው ነው?» ላለው ወንድማችን መልሱ፣ እኛ ያደረግነው የለም የሚል ነው። በዚያ ውሳኔ ውስጥ ሰቆጣ አልታሰበችም፤ በክፋትም በደግነትም። ሶቪየት የለችም፤ ፉክክሩ ወደ ቻይና ዞሯል። የተከዜን ግድብ የሠሩት ቻይኖች ናቸው፤ ዓሣውን የሚያጠምዱት የእኛ ልጆች ናቸው። አሜሪካ ውስጥም «ገንዘባችን ለምን ይወጣል?» የሚለው ወገን አሸነፈ። ቃኘው እንደ ተዘጋ ስንዴውም ተዘጋ፤ ሒሳቡ የራሳቸው ነበርና። «ሊሰልሉን ነው» ላለው ደግሞ፣ ለስለላ ብሎ 15 ኪሎ ስንዴ ሃያ ዓመት በየወሩ የሚያድል የለም እለዋለሁ።

ከሕዝቡ ጋር ያለን ነገር ግን ከመንግሥቱ ይልቅ ይረዝማል። በዲቪ የሄዱ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ በዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ፈርስት ሂጅራ የተባለውን መስጊድ አቁመዋል። ጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞችም እ.ኤ.አ. በ1975 ጋዜጣቸውን በሐበሻው በቢላል (ረ.ዐ.) ስም ሰይመውት ነበር። ተጽዕኖ ከወዲያ ወደዚህ ብቻ አልሄደም።

አሁን በእጃችን ስላለው ጥቂት ልበልና ልጨርስ። ብዙ ዑለማዎች እንደሚያሰሉት የእህል ዘካ የሚወጣው ምርቱ 653 ኪሎ ያህል ሲደርስ ነው፤ በዝናብ ከበቀለ አንድ አሥረኛ፣ በመስኖ ከሆነ አንድ ሃያኛ። አሥር ኩንታል ማሽላ ያገባ ሰው አንድ ኩንታል ያወጣል። እንዲህ ያሉ መቶ ሰዎች ብናገኝ መቶ ኩንታል ነው። በሴፍቲኔቱ ልክ በወር 15 ኪሎ ብናካፍለው 111 ሰው ለስድስት ወር ይይዛል። ከመርከብ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ለ111 ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከሰደቃው የምናደርሰው አለ፤ በ1977 አብረን ተርበናል፣ አብረንም ተቀብረናል።

እስካሁን ዘካውን እያንዳንዱ ለሚያውቀው ሰው በጓዳ ይሰጥ ነበር። ይህ ሐራም አይደለም፤ ነገር ግን ዘመድ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴትና ከአበርገሌ የመጣ ተፈናቃይ በማንም ጓዳ አይታወቁም። ስለዚህ ኮሚቴው ባሰበው መሠረት አንድ ክፍል ለእህል ይለይ። ነቀዝ እንዳይገባበት ወለሉ ከፍ ይበል። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ ከሦስቱም አንዷ ሴት ትሁን፤ ማን ቤት እሳት እንዳልነደደ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። የገባውና የወጣው በየወሩ ከጁሙዓ በኋላ በድምፅ ማጉያ ይነበብ። ሰኔ 2015 ላይ ያየነው ነገር በእኛ ክፍል እንዳይደገም ከዚህ ሌላ ዘዴ አላውቅም። መመዝገቢያው ደብተር ከኮሚቴው ጸሐፊ ዘንድ ነው፤ የዘንድሮው ማሽላ ከአውድማ ሳይነሣ ከዐስር ሶላት በኋላ እየመጣችሁ ልታስመዘግቡ ትችላላችሁ።